ታንቲ ዜፍሪን፣ ጀልባዋና ሁለቱ «ሆል»

ሁላችንም ታንቲ፣ አክስቴ፣ የምንላት ዜፍሪን ቱሪስቶችን እንደ በሬ ጠምዳ፣ ለመጠመዳቸውም አስከፍላቸው፣ የሟች ባሏን ጀልባ ባሕር አስገባች ይባላል። የፖስታ ጀልባዋ ላይ ይወራል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይወራል፣ ፊትዝ ባር ውስጥ ደግሞ ከነምስክሩ ይወራል። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ሲመለስ ጭራሽ ልጓም አጉርሳቸው ነበር አሉ።

ሐሰት ነው። በፔቲት ሳሊን ደሴት ፈረስ የለም፤ ልጓም ከየት ይመጣል? ገንዘብም አልተቀበለችም። ቁንጥጫው ግን እውነት ነው። እሱን ማንም አልካደም፣ የተቆነጠጡትም ጭምር።

ዜፍሪን የነፋስ ወገን ሰው ናት፤ ከኮረብታው ጀርባ፣ ማዕበሉ በቀጥታ ከሚመታው መንደር። የነፋስ ወገን ሰው ቀና ብሎ አይሄድም፤ ነፋሱን ለመግፋት ሁልጊዜ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነው፣ ነፋስ በሌለበትም ቢሆን። ኮረዳ ሳለች አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን እንደለበሰች፣ አንድ ሙክት ከፖስታ ጀልባዋ ዘሎ ባሕር ገባ። ወንዶቹ ዳር ቆመው ይተርፋል አይተርፍም ብለው ሲወራረዱ እሷ ከነቀሚሷ ገብታ በቀንዱ እየጎተተች አወጣችው። በጉ የማታውቀው ሰው ንብረት ነበር።

«ያንቺ ላልሆነ በግ ምን አስገባሽ?» ቢሏት፣

«እየሄደ ነበራ!» አለች።

ጆስሊን በጉ ይሰምጣል ብሎ የተወራረደው ነበር። በዚያው ዓመት አገባት።

ጆስሊን እጁ ወርቅ፣ እግሩ ግን እርሳስ የሆነ አናጢ ነበር። ባሕሩ ዳር ባለው የለውዝ ዛፍ ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ ጸጉሩ ጥቁር ሳለ አንድ ባለ ሸራ ጀልባ ጀመረ። የጎን አጥንቶቿን ከኮረብታው ጠማማ ዝግባ እየመረጠ አወጣ፤ አንዱን ቅርንጫፍ ለመምረጥ አንድ ወር ይፈጅበታል። «መቼ ነው የምታልቀው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነበር፦ «ነገ።» ጣሪያው ሲያፈስ «ነገ»፣ ጥርሱን ሲያመው «ነገ»። ጸጉሩ ነጣ፣ ጀልባዋ ግን የላይ ወለል እንኳ አልተመታላትም። በመጨረሻ ሞት መጣ፤ ሞት ግን ለነገ አልቀጠረውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዜፍሪን ለእረፍት በሚከራዩ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ ወጥ ቤት ነበረች። ከደሴት ደሴት ስትዞር የነጮቹን ጠባይ እንደ ድስቷ ታውቀው ነበር። መጀመሪያ ቀን ይተኛሉ። ሁለተኛው ቀን ይቃጠላሉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ዓይናቸው ይቅበዘበዛል፤ ሳህን ካላጠብን፣ ገመድ ካልያዝን ብለው ወጥ ቤት በር ላይ ይቆማሉ። አንድ የባንክ አለቃ እጇን ይዞ፣ «እባክሽ፣ ሽንኩርት ልላጥልሽ» ብሎ ለምኗታል። ያን ሰውዬ አልረሳችውም።

ባሏ ከተቀበረ በኋላ ወጥ ቤቱን ትታ ጀልባዋን ያዘች። የባሏ ወንድም ኦስበርት ወለሉን መታ፤ እሷ በየስንጥቁ ጥጥ ጠቀጠቀች፣ ቀባች፣ ምስጥ ባየች ቁጥር የምስጡን እናት ሳይቀር ሰደበች። ጀልባዋ አለቀች። ያላለቀው አንድ ነገር ነበር፦ ከለውዙ ዛፍ እስከ ውኃው ያለው አሸዋ።

በእኛ አገር ጀልባ ወደ ባሕር የምትወርደው በሰው ክንድ ነው። ቁጥሩ በርከት ያለ ሰው ሁለት ገመድ ይዞ ይስባል። ታዲያ ሰው የት አለ? ወጣቱ ባሕር ማዶ ነው። ዜፍሪን ቤት ለቤት ዞራ ስትቆጥር ጉልበት ያለው ጠፍቶ ጉልበቱን የሚያመው በዛ። በደሴቷ ያለው አንድ ቡልዶዘር ደግሞ የፊትዝ ነው።

ፊትዝ ባለ ባሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥርሱ በዛ እንጂ። በጆስሊን ሙት ዓመት ድግስ ላይ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ዜፍሪን ቀረበ።

«ታንቲ፣ ያቺ ጀልባ ደርቃ ልትሰነጠቅ ነው። ለእኔ ስጪኝና ጎኗን ቆርጬ ባር ላድርጋት። ጠርሙስ ይደረደርባታል፣ መብራት ይንጠለጠልባታል። ነጮቹ አሮጌ እንጨት ይወዳሉ።»

«አንተስ ምን ትወዳለህ?»

«እኔ ነጮቹ የሚወዱትን እወዳለሁ።»

ሰው ሳቀ። ዜፍሪን አልሳቀችም። ብርጭቆውን ከእጁ ወስዳ ሩሙን መሬት ላይ ጠብ አደረገችና፣ «እስከ ሚያዝያ ሙሉ ጨረቃ ባሕር ካልገባች ውሰዳት» አለች።

ሩም መሬት ጠብ ተደርጎ የተነገረ ቃል አይመለስም፤ ሙታኑ ቀምሰው፣ ሰምተው፣ ምስክር ሆነዋል። ከሕያው ጋር የተዋዋለ ይከራከራል፤ ከሙታን ጋር የተዋዋለ ማንን ይከራከራል?

በማግስቱ ፊትዝ ሜትሩን ይዞ ጀልባዋን ሲለካ ታየ። «መደርደሪያው እዚህ፣ በረዶው እዚህ» እያለ።

የሚያዝያ ጨረቃ ልትሞላ ቀናት ሲቀሯት ኬሮን ወደ ዜፍሪን ግቢ መጣ። ኬሮን የጎረቤቷ የዴልፊና ልጅ ነው፤ እንግዳ የሚያዞር የመዝናኛ ጀልባ ካፒቴን። ሎሚ ሊገዛ መጥቶ ደረጃዋ ላይ ተዘረፈጠ።

«ታንቲ፣ እነዚህ ሰዎች ገደሉኝ።»

«ስንተኛ ቀናቸው ነው?»

«ሦስተኛ።»

«እህ!» አለች፣ ሎሚውን መቁጠር ትታ።

«ከጀልባ አውርዳቸውና ምን ላድርጋቸው? ኮረብታ አወጣኋቸው፤ ወረዱ። ሎብስተር አበላኋቸው፤ በሉ። ፊትዝ ባር ወሰድኳቸው፤ ጠጡ። አሁን ደግሞ 'እዚህ ሌላ ምን አለ?' ይሉኛል። ምን እንዲኖር ፈለጉ? ዝሆን?»

«ክንዳቸው እንዴት ነው?»

«ምናቸው?»

«ክንዳቸው ነዋ! ወፍራም ነው ቀጭን?»

ኬሮን አያት። «አንድ ሆላንዳዊ አለ፣ ቪም የሚባል። አንገቱ ብቻ እኔን ያህላል። ምነው?»

«በሬዲዮህ ለጓደኞችህ ንገር። ሙሉ ጨረቃ ቀን ሁሉም እንግዶቹን ይዞ እዚህ ይምጣ። የሚሠራ ነገር አለ በላቸው።»

«ምን ልበላቸው ታንቲ? በዓል ነው ልበል?»

«ሥራ ነው በል። በዓል ካልካቸው ካሜራ ይዘው ይመጣሉ። ሥራ ካልካቸው እጃቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

ኦስበርት ይህን ሲሰማ መጥረቢያውን አስቀመጠ። ጀልባ ሲወርድ ጥሪውን የሚጠራው እሱ ነው፤ ከእሱ በፊት አባቱ፣ ከአባቱ በፊት አያቱ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ? የጆስሊንን ጀልባ ባዕድ ይንካት?»

«ዘመድማ ነካት። ዘመድ ሜትር ይዞ ለካት።» ፊትዝ ለኦስበርት የአጎት ልጅ ነው።

«ጥሪውን አያውቁም እኮ!»

«ይማራሉ።»

«በአንድ ቀን? እኔን አባቴ በጥፊ ስድስት ዓመት ነው ያስተማረኝ!»

እዚህ ላይ ኦስበርት እውነት ነበረው። በእኛ አፍ ጀልባ ሲሳብ የሚጠራው «ሆል» ነው። «ሆል» ማለት ሳቡ ማለት ነው። ችግሩ ምንድን ነው፣ «ሆል» ማለት ያዙ፣ ቁሙ፣ እንዳትነቃነቁ ማለትም ነው። ሌሎች እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሁለቱን ቃላት ለይተው ይጠሯቸዋል አሉ፤ እኛ ለአንድ ቃል የሚበቃ ትንፋሽ ሁለት ላይ አናባክንም። የምንለየው በዜማው ነው። «ሆ-ኦ-ኦል» ተብሎ ከተጎተተ ይሳባል፤ «ሆል» ተብሎ ቁርጥ ካለ ይቆማል። ከማሕፀን ጀምሮ የሰማው ሰው አይሳሳትም።

ቀኑ ደረሰ። ወደቡ እንግዶቹን ባመጡት ጀልባዎች ምሰሶ በምሰሶ ሆነ። በጠዋት ካህኑ ከዋናው ደሴት መጥተው ጀልባዋን ጠበል ረጩ፤ በፊቷ ፍየል፣ በኋላዋ በግ ታረደ፤ ሩም ፈሰሰ። ስሟ የተጻፈበት ባንዲራ ምሰሶዋ ላይ ተጠቅልሎ ታሰረ፤ ውኃ ሳትነካ አይፈታም። ሁሉም «ጆስሊን» የሚል እንደሆነ አስቀድሞ ወስኖ ነበር።

ከዚያ ወንዶቹ ጀልባዋን ቀጥ አድርገው ያቆሟትን ድጋፎች በአንድ ወገን ከሥር ከሥራቸው እየቆረጡ ያሳጥሯቸው ጀመር። ጀልባዋ እንደ ሰካራም ሙሽራ ቀስ እያለች ዘንበል አለችና በጎኗ፣ አሸዋው ላይ በተደረደሩት ክብ ግንዶች ላይ ተኛች። ገመዶቹ ከአፍንጫዋ ተነስተው ወደ ባሕር ገብተው፣ እዚያ በተጣሉ መልሕቆች ላይ በታሰሩ መዘውሮች ዞረው ወደ አሸዋው ይመለሳሉ። ስለዚህ ጀልባዋ ወደ ባሕር እንድትሄድ ሰው ወደ ኮረብታው ነው የሚጎትተው።

ይህን ሲያስረዱት ቪም ግንባሩን አከከ። «ወደዚያ እንድትሄድ ወደዚህ?»

«ከዜፍሪን ጋር ስትኖር ትለምደዋለህ» አለው ኦስበርት።

ኦስበርት ባዕዱን ከወገን መቀላቀል አልፈለገም። የግራውን ገመድ ለአገሬው፣ የቀኙን ለእንግዶቹ ሰጠ። «እነሱ በራሳቸው ይጎትቱ፤ እኛ በራሳችን» አለ። ጥሪውን ጀመረ።

«ሆ-ኦ-ኦል!»

ሁሉም ሳበ። ጀልባዋ ተነቃነቀች። እንግዶቹ በደስታ ጮኹ። እንደገና «ሆ-ኦ-ኦል!»፤ እንደገና ተንከባለለች። ዜፍሪን በሁለት እጇ አፏን ይዛ ጎን ለጎን ትሄዳለች። ወደ ውኃው አንድ የቤት ጓሮ ያህል ሲቀራት፣ ከኋላዋ ያለፉትን ግንዶች ወደ ፊት ለማምጣት ኦስበርት እጁን አነሳ።

«ሆል!»

የአገሬው ሰው ቀጥ አለ። እንግዶቹ «ሆል» ሰሙና ኃይላቸውን አጠራቅመው ሳቡ።

የሳቡት ስበት፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ከቀኑ ሁሉ ያማረው ነበር። ግን በአንድ ወገን ብቻ ነበር። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። «ሆል! ሆል! ሆል!» ሲል ኦስበርት ጮኸ፤ እነሱም ይህን ያህል ከተለመኑ ብለው ሦስት ጊዜ ጨመሩ። ጀልባዋ ከግንዶቹ ተንሸራተተች፤ ኦስበርት እግሩን ለትንሽ አተረፈ፤ እሷም አሸዋው ውስጥ ገብታ ተቀረቀረች። ቪም ላቡን እየጠረገ ዞሮ ሲያይ ደሴቷ በሙሉ አፍጥጣ ታየዋለች።

«ጥሩ ሳብን?» አለ።

ኦስበርት ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ። «እኔ ለእነዚህ አልጠራም! ወንድሜ በመቃብሩ ይገለበጣል!»

«ይገልበጥ!» አለች ዜፍሪን። «በሕይወት ሳለ እንኳ አልተገላበጠልኝም።»

የባሕሩ ሙላት ጨረቃዋን ተከትሎ ጫፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚህ በኋላ መመለስ እንጂ መጨመር የለም። ፊትዝ ብርጭቆ ይዞ መጣ። የተቀረቀረችውን ጀልባ ዞሮ አያት።

«እንዲያውም ቦታው ጥሩ ነው ታንቲ። ወደ ባሕሩ ፊቷን አድርጋለች። ጀንበር ስትጠልቅ እያዩ ይጠጣሉ። ወንበሮቹን እዚህ—»

ዜፍሪን ዘወር ብላ እንግዶቹን አየች። እጃቸው ተልጦ ነበር፤ አንዲት በአገሯ ዳኛ ናት የተባለች ጀርመናዊት መዳፏን ትነፋለች። ነገር ግን አንዳቸውም ገመዱን አልለቀቁም። ዜፍሪን ያን የባንክ አለቃ፣ የሽንኩርቱን ሰውዬ፣ አስታወሰች። ችግሩ ክንድ አልነበረም፤ ጆሮ ነበር። ጆሮ ደግሞ ከቆዳ ይርቃል።

«ሚስ ዩዶራ!» ብላ ጠራች።

ሚስ ዩዶራ በሰባ ዓመት ውስጥ ደሴቷን በሙሉ በቁንጥጫ ፊደል ያስቆጠረች መምህርት ናት። ዓይኗ ደክሟል። ጣቶቿ አልደከሙም። ከወንበሯ ላይ ሆና፣ «ማን ነው ያጠፋ?» አለች።

«ሁሉም» አለች ዜፍሪን። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «ገመዶቹን ልቀቁ! ተደባለቁ! ከእያንዳንዱ እንግዳ ኋላ አንድ የእኛ ሰው ይግባ። ሲሳብ አብራችሁ ሳቡ። ሲቆም ካልቆመላችሁ ቆንጥጡት።»

«የት ላይ ታንቲ?» አለ ኬሮን።

«ሥጋ ያለበት ቦታ!»

ኬሮን ለእንግዶቹ ተረጎመላቸው። ዳኛዋ ይህ ሕጋዊ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኬሮን እዚህ ደሴት ላይ ከዚህ ሌላ ሕግ የለም አላት፤ ቀሚሷን ሰብስባ ተሰለፈች። ሚስ ዩዶራ ደግሞ ከሁሉ ሰፊ የሆነውን ጀርባ በዳበሳ መርጣ ከቪም ኋላ ቆመች። ወንዶቹ በወፍራም ጣውላ እየፈነቀሉ ጀልባዋን ግንዶቹ ላይ መለሷት።

«ማን ሊጠራ ነው?» አለ ኦስበርት፣ ባርኔጣውን ሳያነሳ። «እኔ አልጠራም ብያለሁ።»

«እኔ እጠራለሁ።»

«ሴት ጠርታ አታውቅም!»

«ወንድ ጠርቶስ የት አደረሳት?»

ዜፍሪን የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ወጥታ ቆመች። ድምጿ ቀጭን ነው፤ የነፋስ ወገን ድምፅ፣ ማዕበል ላይ የሚያልፍ።

«ሆ-ኦ-ኦል!»

ተሳበ። ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች።

«ሆል!»

አገሬው ቆመ። ቪም ሊስብ ትከሻውን ሲያጎብጥ ሚስ ዩዶራ ያዘችው። የወጣው ድምፅ ወደቡን ተሻግሮ ፍየሎቹን አስደነገጠ። በየመስመሩ «ኦ!»፣ «አይ!»፣ «እንዴ!» ተሰማ፤ በየቋንቋው። ገመዶቹ ግን ቀጥ አሉ። ግንዶቹ ተዘዋወሩ።

«ሆ-ኦ-ኦል!»

በሁለተኛው ላይ የተቆነጠጠው ጥቂት ነው። በሦስተኛው አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ቪም። በአራተኛው ቪም ቀድሞ ቆመና ዞሮ ሚስ ዩዶራን በኩራት አያት። «ጎበዝ ልጅ» አለችው፣ ለእኛ በሰባ ዓመት ያላለችንን።

ኦስበርት እስከ አምስተኛው ቻለ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳና የገመዱን ጫፍ ያዘ። ዜፍሪን አየችው፣ አላየችውም መሰለች፣ ድምጿን ከፍ አደረገች። ጀልባዋ አፍንጫዋን ውኃው ውስጥ ነከረች፣ እንደ ጠጪ ሰው ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ማንም ሳይስባት ራሷ ገባች። ዜፍሪን ከአፍንጫዋ ሳትወርድ አብራት ገባች። ጀልባዋ ተወዛውዛ ቀና አለች።

ተንሳፈፈች።

ዜፍሪን የባንዲራውን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታችው። ጨርቁ ነፋሱን ያዘና ተዘረጋ። ፊደል የሚያነብ አነበበ፤ ለማያነብ ተነበበለት፦ «ነገ»።

መጀመሪያ የሳቀው ኦስበርት ነው። ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

«በዕድሜው ሁሉ ነገ፣ ነገ ሲል ኖረ» አለች ዜፍሪን ከጀልባዋ ላይ። «ይኸው፣ ቃሉን ጠበቀ።»

ከሰዓት በኋላ በለውዙ ዛፍ ሥር ተበላ። በድንጋይ ላይ የተጠበሰ፣ ዳቦ ፍሬ የሚሉት የዛፍ ፍሬ፣ የፍየሉና የበጉ ወጥ፣ የበቆሎ ገንፎ፤ ለሙታኑ ደግሞ ማንም የማይነካው ሳህን በዜፍሪን ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እንግዶቹ ቁስላቸውን እንደ ሜዳልያ እርስ በርስ ያሳዩ ነበር። ዳኛዋ ክንዷ ላይ ያለውን ሰማያዊ ምልክት ለሁሉም አሳየች። ቪም ሚስ ዩዶራ አጠገብ ተቀምጦ ዓሣ እየፈለፈለ አጎረሳት። ፊትዝ እንኳ አንድ ካሳ ቢራ ተሸክሞ መጣ፤ ጥርሱን ለጊዜው ከድኖት ነበር።

ኬሮን ጠግቦ ጋደም አለና፣ «ታንቲ፣ ጉድ አመጣሽብኝ» አለ። «ጓደኞቼ በሬዲዮ ወሬውን በትነውታል። በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጡት ከአሁኑ ይጠይቁኛል። 'እኛስ ስንወርድ የምንስበው ምንድን ነው?' ይላሉ። አንዲት ጀልባ ነበረችሽ፤ እሷም ገባች። አሁን ምን ላሳያቸው?»

ሰው ሳቀ። ዜፍሪን ጣቷን ልሳ፣ ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ዞር አለችና ከለውዙ ዛፍ አልፎ ያለውን የፊትዝን ባር ማየት ጀመረች፤ ጀልባዋን ዓመታት ስታይ እንደኖረችው፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ፣ ከመሠረቱ እስከ ውኃው።

«ፊትዝ፣» አለች፣ «ያ ባርህ ከእንጨት ነው የተሠራው አይደል?»